የመልቀቂያ ደብዳቤ በደብረ ብርሃን ጽሕፈት ቤቶች፦ ሥራቸው ፈጣን ነው፣ ቃሉ ግን ይታረም

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤቶችና ራፖር ጸሐፊዎች ዘንድ የሥራ መልቀቂያ ማስጻፍ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ስም ከነአያት፣ የድርጅቱን ስም፣ የሥራ መደቡንና ቀኑን ይጠይቃሉ፤ የቀረው ኮምፒውተሩ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ከፋብሪካ ፈረቃ ወጥቶ በዚያ ብርድ ለሚመጣ ሠራተኛ ፍጥነቱ ይመቻል። ችግሩ ያለው ግን እዚያው ተዘጋጅቶ የተቀመጠው ጽሑፍ ላይ ነው።

«ሥራዬን በግል ምክንያት ለመልቀቅ ስለፈለግሁ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ይላል። ትሕትናው ባልከፋ፤ «እንዲፈቀድልኝ» የሚለው ቃል ግን ማስጠንቀቂያውን፣ ማለትም «ልለቅ ነው» የሚለውን የቅድሚያ ማሳወቂያ፣ ልመና ያደርገዋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይለቃል እንጂ ፈቃድ አይለምንም። ልመና ሆኖ የገባውን አለቃው መሳቢያ ውስጥ ከቶ «ገና እያየሁት ነው» ይላል፤ ሠራተኛው መልስ ሲጠብቅ አዲሱ ሥራ ያመልጠዋል። ስለዚህ ጸሐፊውን እንዲህ ብለው ያስለውጡት፦ «ይህን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የሰጠሁ መሆኔንና የሥራ ውሌ ከ... ቀን ጀምሮ የሚቋረጥ መሆኑን አሳውቃለሁ።»

ቀኑንም ራስዎ ይቁጠሩ። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ወሩን ብቻ ቀይረው ያስገባሉ። ነሐሴ 20 ማስጠንቀቂያ ለሰጠ ሰው መስከረም 20 ብለው ይጽፉለታል፤ ጳጉሜን ግን ዘለሏት። ቆጠራው ነሐሴ 21 ከጀመረ 30ኛው ቀን መስከረም 15 ነው፣ ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ዓመት ደግሞ መስከረም 14።

ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ መውጣት የሚቻልበት መንገድም አለ፤ ያው ቅጽ ግን ለዚህ አይሆንም። አሠሪው ሰብአዊ ክብርን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመ፣ ለጤና ወይም ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ እያወቀ ዝም ካለ፣ ወይም መሠረታዊ ግዴታውን ደጋግሞ ካልተወጣ (ደመወዝ በወቅቱ አለመክፈልን ያስቡ) አንቀጽ 32 ያስወጣል። ያኔ ምክንያቱና የሚለቁበት ቀን ተዘርዝሮ በጽሑፍ ይሰጣል። ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ በኋላ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። «በግል ምክንያት» ብሎ የጻፈ ሰው ይህን በር በራሱ እጅ ይዘጋል። ያለ በቂ ምክንያት ዝም ብሎ የቀረ ደግሞ እስከ 30 ቀን ደመወዙ ድረስ ካሣ ከቀሪ ክፍያው ሊቆረጥበት ይችላል።

ሌላው ጉድለት ደብዳቤውን በአንድ ቅጂ አትመው መስጠታቸው ነው። ሁለት ያስወጡ። አንዱ መዝገብ ቤት ይገባል፤ ሁለተኛው ላይ የተቀባዩ ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና ከተቻለ የገቢ ቁጥር ይስፈርበት። አልፈርምም ካሉ ምስክር ይዞ ቢሮው ማድረስ፣ ከዚያም በፖስታ በአደራ መላክ ይሻላል። ማስረጃ የሚሆነው ይህ ሁለተኛ ቅጂ ነው፤ ያለ እሱ ያማረው ወረቀት ብቻውን ብዙም አይረዳም።

አንዳንድ ጸሐፊዎች «የስንብት ክፍያዬ እንዲከፈለኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለሁሉም ይጨምራሉ። በራሱ ፈቃድ ለለቀቀ ሰው ይህ የሚሠራው ጡረታም ፕሮቪደንት ፈንድም (በመሥሪያ ቤቱ በኩል የሚጠራቀም የሠራተኛ ቁጠባ) ከሌለውና ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለ ነው። ለሌላው ቢገባ ጉዳት ባይኖረውም ደብዳቤውን ያዝረከርካል። ከዚያ ይልቅ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ እንዲታሰብና የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲሰጥ መጠየቅ ይጠቅማል፤ ማስረጃው በነጻ ነው የሚሰጠው። ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ሠራተኛው የድርጅቱን ንብረት ሳይመልስ ከዘገየ ግን ጊዜው ይራዘማል። ስለዚህ ለክሊራንስ (ንብረት መልሰው ዕዳ እንደሌለብዎት ለማረጋገጥ) የመሣሪያ፣ የቁልፍና የደንብ ልብስ ዝርዝር አብሮ ይታተም።

የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርና ሌላ የመንግሥት ሠራተኛ ይህን አዋጅ የሚጠቅስ ቅጽ አይውሰድ፤ የሚገዛው ሌላ ሕግ ነው።

ከመፈረምዎ በፊት ግርጌውን ይመልከቱ። ጸሐፊው በቀደመው ሰው ደብዳቤ ላይ ደርቦ ስለሚጽፍ «ግልባጭ» የሚለው ስር የሌላ ፋብሪካ ስም ተቀምጦ ይገኛል።