ለተረከዝ ሕመም ራጅ ወይስ ኤምአርአይ? ከፍዬ የተማርኩት

ተረከዙን ያመመው ጓደኛ ሁሉ «ኤምአርአይ ልነሳ እንዴ?» እያለ ይደውልልኛል፤ በማግኔት ከአጥንት አልፎ ሥጋና ጅማትን የሚያሳየውን ምርመራ ማለቱ ነው። መልሴ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ራጅ፣ ያውም ቆማችሁ።

ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ሚስማር የረገጥኩ ያህል ይወጋኝ ነበር። ትንሽ ስራመድ ይለቀኛል። ስምንት ወር ቻልኩት። በኋላ አንድ ወዳጄ «ኤምአርአይ ሁሉንም ያሳያል» አለኝና ከጅማ አዲስ አበባ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዝኩ። ወጪው የማሽኑ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የመኪና ደርሶ መልስ፣ የሁለት ሌሊት አልጋ፣ አብራኝ የሄደችው እህቴ ምግብ፣ የተዘጋው ሱቄ። ስደምረው የሱቁን የሁለት ወር ኪራይ ይከፍል ነበር። ውጤቱ? ከተረከዝ ወደ ጣት የተዘረጋው የውስጥ እግር ጅማት ወፍሯል። ሐኪሙ ያዘዘልኝ ደግሞ ጠዋት ጣቶቼን ወደ ራሴ እየሳብኩ እንዳፍታታና ስስ ሸበጥ እንድተው ነው።

ይህንኑ አልትራሳውንድ በጥቂት ብር ያሳየኝ ነበር። ጅማቱ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ወፍሯል ይባላል። ችግሩ የባለሙያው እጅ ነው። ሆድና እርግዝና ሲያይ የኖረ ሰው እግር ላይ ሊቸገር ይችላል። «እግር ትሠራላችሁ?» ሳትሉ አትክፈሉ።

ራጅም አንዴ አክስሮኛል። ተኝቼ አነሱኝ፤ ሐኪሙ አየት አድርጎ «ቆመህ ድገመው» አለኝ። እግር ሰውነት ሲጫነው ነው አጥንቱ ከቦታው መሸሹ፣ መሐል እግሩ ተደፍቶ መሬት መርገጡ የሚታየው። ሁለቴ ከፈልኩ። ፊልሙን በስልክ አንስቼ ለሌላ ሐኪም ብልክ ደግሞ የአምፖሉ ነጸብራቅ ተረከዙን ውጦት አረፈ። ምስሉ ያለበትን ሲዲ ተቀበሉ። «አጥንት በቅሏል» ቢሏችሁም ቶሎ አትደንግጡ፤ ምንም የማያመው ሰው እግር ላይም ይገኛል።

ኤምአርአይ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። በድካም የተሰነጠቀ አጥንት በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ቆስሎ አጥንቱ ተመርዟል ተብሎ ከተጠረጠረም ብሩን አትሰስቱ። ሲቲ ስካን፣ በራጅ ጨረር አጥንቱን ከየአቅጣጫው የሚያሳየው፣ ለተወሳሰበ ስብራት ነው፤ ለእንዲህ ያለ ተረከዝ ለምን?

ዋጋ ስትጠይቁ ንባቡን፣ ማለትም ባለሙያው ምስሉን አይቶ የሚጽፈውን ውጤት፣ ይጨምር እንደሆነ፣ የአንድ እግር ይሁን የሁለት ቀድማችሁ አጣሩ። እኔ የሰማሁት ካሸሯ ጋ ቆሜ ነው።