የአውራ ጎዳናን ብናኝ በቤት መለካት፦ የአንድ አነስተኛ ሴንሰር ግምገማ

እኔ በምኖርበት የአሜሪካ ሰፈር አውራ ጎዳናውን የማስፋት ሥራ ሲጀመር፣ በሌዘር ብርሃን ብናኝ የሚቆጥር አነስተኛ ሴንሰር ገዝቼ ከመንገዱ ትይዩ ባለው በረንዳ ላይ ሰቀልኩት። ይህን የምጽፈው፣ ልጆቹ የሚተነፍሱት አየር የሚያሳስበው ሰው መሣሪያው የሚነግረውንና የማይነግረውን ለይቶ እንዲገዛ ነው።

ሴንሰሩ ጥሩ የሚሠራው ከ2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ለማይበልጠው፣ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ለሚዘልቀው ደቃቅ ብናኝ ነው። ማለዳ ነፋሱ ረግቶ የናፍጣ ተሽከርካሪዎች ሲበዙ ቁጥሩ ያሻቅባል፤ መስኮት የምንከፍትበትን ሰዓት የምንወስነውም በእሱ ነው። አየሩ ሲረጥብ ግን ብናኙ ውኃ ይዞ ስለሚያብጥ ንባቡ ከእውነታው ይበልጣል፤ ስለዚህ የእርጥበት ማስተካከያ ያለውን መምረጥ ይገባል።

ትልቁ ድክመቱ እስከ 10 ማይክሮን የሚደርሰውን ብናኝ የሚመለከተው ቁጥር ነው። የቁፋሮ አቧራ በአብዛኛው ሻካራ ነው፤ እንዲህ ያሉ አነስተኛ ሴንሰሮች ደግሞ ሻካራውን ብናኝ በሚገባ አይዙም። መስኮቴ ላይ በጣት ሊጻፍበት የሚችል አቧራ በተከማቸበት ቀን እንኳ ይህ ቁጥር ከ2.5ቱ ብዙም አልራቀም። አምራቹ ጭራሽ ባያሳየው ይሻል ነበር እላለሁ።

ንባቡን ከሕጉ ጋር ለማነጻጸር የሚፈልግ ሰው ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የደቃቁን ብናኝ ዓመታዊ ገደብ እ.ኤ.አ. በ2024 በሜትር ኩብ ከ12 ወደ 9 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጎታል፤ የ24 ሰዓቱ ገደብ 35 ነው። ሁለቱም የሚመዘኑት በሦስት ዓመት ልኬት ስለሆነ፣ ስክሪኑ ላይ ለአንድ ሰዓት 60 መታየቱ ብቻውን ጥሰት አይደለም። በተጨማሪም ደረጃውን ባላሟሉ ወይም በቅርብ ባሟሉ አካባቢዎች ብዙ የናፍጣ ተሽከርካሪ ለሚያስተናግድ አዲስ መንገድ የሚጠየቀው የብናኝ ትንተና፣ በአንድ ቦታ ከአምስት ዓመት የማይበልጥ የግንባታ ሥራ የሚያስነሳውን ጊዜያዊ ብናኝ እንዲያካትት አይገደድም። አምስት ዓመት ለአንድ ሕፃን ሙሉ የጨቅላነት ዘመኑ ስለሆነ፣ ይህ አንቀጽ ሊሻሻል ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉም በላይ የጠቀመን፣ ከመንገዱ ርቃ የምትኖር ጎረቤታችን ተመሳሳይ ሴንሰር መስቀሏ ነው። ትንተናው መንገዱ የሚጨምረውን ብናኝ በአካባቢው አየር ውስጥ ቀድሞ ካለው ጋር ደምሮ ያሰላል፤ ሴንሰርም የሚያነበው ድምሩን ስለሆነ፣ አንዱ ብቻውን የመንገዱን ድርሻ ለይቶ ማሳየት አይችልም። በሕዝብ አስተያየት መድረክ ላይ ያቀረብነውም የሁለቱን የሰዓት በሰዓት ልዩነት ነበር፤ መሐንዲሶቹ ጥያቄ ያቀረቡበት ብቸኛው ገጽ እሱ ነው።