የባንክ አክሲዮን፦ ይዞ መቆየት ወይስ ከፊሉን መሸጥ?

ድሮ ገዢ የሚገኘው በሰው በሰው ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያው (አክሲዮን በይፋ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ቦታ) ሥራ ጀመረ፤ ወጋገን ባንክም አክሲዮኑ እዚያ እንዲሸጥ ቀድሞ ተመዘገበ። ባንካችሁ ካልተመዘገበ ግን መሸጡ ጊዜ ይፈጃል።

ወጪ፦ መያዝ ብዙ አያስወጣም። መሸጥ ኮሚሽንና ግብር አለው።

ስጋት፦ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ስላሳደገ፣ ብዙዎቹ አዲስ አክሲዮን ሸጠዋል። ከአዲሱ ገዝታችሁ ካልጨመራችሁ በባንኩ ያላችሁ ድርሻ ይሳሳል። ከጨመራችሁ ደግሞ ብሩ ሁሉ አንድ ቦታ ይከማቻል። ከፊሉን መሸጥ ይህን ያቀላል።

“አባቴ የገዛው ነው” ማለት ላለመሸጥ ምክንያት አይሆንም (እኔንም ይዞኝ ነበር)።

በቅርቡ ለቤት ወይም ለትምህርት ብር የምትፈልጉ ከፊሉን ሽጡ። ሌላ ገቢ ያላችሁና የትርፍ ድርሻው ደህና የሆነላችሁ ያዙት።