ቤት ከመግዛቴ በፊት ጣሪያውን ያስመረመርኩበት አገልግሎት

በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር ሳሪስ አካባቢ፣ ከተሠራ 30 ዓመት ያለፈውን አንድ ቪላ ቤት ለመግዛት በዋጋ ከተስማማሁ በኋላ፣ ቀብድ ከመክፈሌ አስቀድሜ ጣሪያውን በባለሙያ አስመረመርኩ። አገልግሎቱን የሰጡኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ በሕንፃ ምሕንድስና የተመረቀ ወጣት ሲሆን፣ ሁለተኛው ዕድሜያቸውን በቆርቆሮ ክዳን ሥራ ያሳለፉ አናጺ ናቸው። ለግማሽ ቀን ሥራና ለጽሑፍ ሪፖርቱ 8,000 ብር ከፍያለሁ። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ሳየው ገንዘቡ የሚቆጭ ስላልሆነ፣ ምን እንደሠሩና ምን እንደጎደላቸው ቤት ለሚፈልጉ ሰዎች በዝርዝር መጻፍ ወደድኩ።

ይህን ያህል የተጠነቀቅኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እህቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሚያዝያ የገዛችው ቤት ግድግዳው የነጣ፣ ወለሉ የተወለወለ፣ ዓይን የሚማርክ ነበር፤ ሐምሌ ሲገባ ግን ሳሎኗ ውስጥ ሦስት ሳፋ ደቅነን ሌሊቱን ውሃ ስንደፋ አደርን። አብዛኞቻችን ቤት ስንገዛ ካርታውን እናስጣራለን፣ የባንክ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት እናረጋግጣለን፣ የግብር ደረሰኝ እንጠይቃለን፤ ጣሪያውን ግን ከግቢው በር ላይ ቀና ብለን አይተን እናልፋለን። የአዲስ አበባ ዝናብ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ስለሆነ፣ በበጋ የታየ ቤት የጣሪያውን ጉድ ሸሽጎ ይሸጣል።

ባለሙያዎቹ ሥራቸውን የጀመሩት ከቤቱ ውስጥ ነው። መሐንዲሱ መጋረጃዎቹን ዘግቶ የእጅ ባትሪውን ወደ ኮርኒሱ አስጠግቶ በአግድም ሲያበራው፣ በቀን ብርሃን ለጥ ያለ ይመስል የነበረው ኮርኒስ ወጣ ገባ ሆኖ ታየ፤ በመኝታ ቤቱ ማዕዘን በኩል ደግሞ ከአዲሱ ነጭ ቀለም ሥር የምጣድ ስፋት ያለው ክብ፣ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ወጣ። አናጺው አንጋጠው ካዩት በኋላ ወደ ቤቱ ባለቤት ዞረው፣ «እትዬ፣ ይህ ክፍል መቼ ነው የተቀባው?» ሲሉ ጠየቁ። ወይዘሮዋም ሳይደብቁ፣ «ለገና ነው ወንድሜ፤ ክረምት ላይ በዚያ ጥግ ይንጠባጠብ ነበር፣ ልጆቹ ወጥተው ሲልከን አድርገውበታል» ብለው መለሱ። እኔ ቤቱን ከዚያ በፊት አራት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ይህን ጥያቄ ግን አንድም ጊዜ አልጠየቅኩም ነበር።

ከዚያ በኮርኒሱ መውጫ በኩል ወደ ላይ ገቡ፤ እኔም ተከትዬ ወጣሁ። ከምርመራው ሁሉ የላቀው ክፍል ይህ ነው እላለሁ። ባትሪው ጠፍቶ ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ከቆየን በኋላ፣ በቆርቆሮው ላይ እንደ ከዋክብት የተበተኑ የብርሃን ነጥቦች ታዩን፤ ስንቆጥራቸው 17 ሆኑ። መሐንዲሱ እያንዳንዱን በጠመኔ ከበበው። አብዛኞቹ ሚስማራቸው ተነቅሎ የወደቀባቸው ቀዳዳዎች ሲሆኑ፣ ከታች ሆኖ አንዱንም ማየት አይቻልም። ቀጥለው ወደ እንጨቱ ዞሩ። ጣሪያው የቆመው በባሕር ዛፍ ወራጆች ላይ ነው፤ አናጺው ወራጆቹ ግድግዳው ላይ የሚያርፉበትን ጫፍ በካቻቢቴ አንድ በአንድ ወጉት። ጤነኛው እንጨት ብረቱን አላስገባም፤ በመኝታ ቤቱ በኩል ያለው አንደኛው ወራጅ ግን ካቻቢቴውን ሁለት ጣት ያህል ዋጠው፣ ሲመዝዙትም ቡናማ ዱቄት ተከትሎት ወጣ። ውሃ የነካውን እንጨት ምስጥ ይወደዋል፤ ከግድግዳው ራስ ላይ ተነስቶ ወደ ወራጁ የሚሄደውን ቀጭን የጭቃ መንገዱንም አሳዩኝ። ኮርኒሱ ላይ ያየነው ቡናማ ክብ ትክክል ከዚህ ወራጅ በታች ነበር።

ክዳኑ ላይ ሲወጡ አናጺው እግራቸውን የሚያሳርፉት ሚስማር በተመታበት መስመር ላይ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ማገር ስላለ ቆርቆሮው አይጎዳም። ቆርቆሮው ባለ 32 ጌጅ (ጌጅ የቆርቆሮ ውፍረት መለኪያ ነው) ነው። የጌጁ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ የማያውቅ ገዢ ብዙ ነው፤ ባለ 28 ጌጅ ከባለ 32ቱ ይወፍራል። ቆርቆሮውን ከዝገት የሚጠብቀው የተለበጠበት ዚንክ ሲሆን፣ ዚንኩ ቀድሞ የሚያልቀው ሁለት ቆርቆሮ በሚደራረብበት ጠርዝና በሚስማሮቹ ዙሪያ ነው፤ ምክንያቱም ውሃ እዚያ ገብቶ ሳይደርቅ ይቆያል። በሚስማሮቹ ሥር ውሃ እንዳያልፍ የሚደረገው የጎማ ቀለበት (ጎሚኒ) በፀሐይ ብዛት ደርቆ ስለተሰነጣጠቀ፣ በጣት ሲነካ እየተፈረፈረ ወደቀ። የዲሽ እግር የታሰረባቸው አራት ቀዳዳዎችም ዲሹ ከተነሳ በኋላ እንደተከፈቱ ቀርተዋል። የሰርቪስ ቤቱ ክዳን ደግሞ አሮጌ አስቤስቶስ ሆኖ ተገኘ፤ መሐንዲሱ ማንም እንዳይወጣበት፣ እንዳይበሳውና እንዳይሰብረው አሳሰበ። ክዳኑ ተሰባሪ ከመሆኑም በላይ ሲሰበር የሚቦነው ብናኝ የሳንባ ካንሰር ያመጣል።

ትልቁ ጉድለት የተገኘው በውሃ ሙከራው ነው። ቤቱ ከፊት ለፊት ፓራፔት፣ ማለትም ከክዳኑ በላይ ከፍ ብሎ የሚሸፍነው ግድግዳ፣ ስላለው፣ ከጀርባው የተደበቀው አሸንዳ ከመንገድ አይታይም። አናጺው ከአሸንዳው ውስጥ ሁለት ባልዲ ሙሉ ቅጠልና አፈር ካወጡ በኋላ፣ በጎማ ውሃ ከታች ጀምረው ቀስ በቀስ ወደ ላይ ያጠጡት ገቡ፤ መሐንዲሱ ኮርኒስ ውስጥ ሆኖ ባትሪ እያበራ ይጠብቃል። ከታች የሚጀመረው ውሃው ከላይ ቢለቀቅ ሁሉንም ስለሚያርስና የሚያስገባው ቦታ የትኛው እንደሆነ መለየት ስለማይቻል ነው። ክዳኑ ፓራፔቱን በሚነካበት ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መሐንዲሱ ከውስጥ «ገባ!» ብሎ ተጣራ። ልጆቹ የቀቡት ሲልከን ከሲሚንቶው ተላቅቆ ስለነበር ውሃው ከኋላው በቀጥታ ይወርድ ነበር። ከአሸንዳው ሁለት መውረጃ ቱቦዎች አንደኛው ደግሞ ተደፍኗል። መሐንዲሱ እዚያው ቆሞ አሰላልኝ፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ስለሆነ፣ 140 ካሬ ሜትር በሆነው በዚህ ክዳን ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 4,200 ሊትር ውሃ በአንድ ቱቦ ለመውጣት ይጋፋል ማለት ነው።

አገልግሎቱ ጉድለት የለበትም ማለት አልችልም። ረጅም መሰላል ሳይዙ በመምጣታቸው ከጎረቤት እስክንዋስ አንድ ሰዓት ባከነ። ሪፖርቱ በአራት ቀን ደረሰኝ፤ ፎቶግራፎቹ ግልጽ ናቸው፣ ጉድለቶቹም በቦታ በቦታቸው ተለይተዋል፤ ነገር ግን ምን ያህል ቆርቆሮና እንጨት እንደሚቀየር አልተጻፈበትም፣ የጥገናውን ወጪ ለመገመት ሌላ ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። ከሁሉም በላይ ቅር ያሰኘኝ፣ እርጥበት በሚደርስበት ቦታ በፕላስተር ብቻ የተቀጠለ የመብራት ሽቦ አይተው በቃል ከመንገር በቀር በሪፖርቱ አለማካተታቸው ነው። ጣሪያ የሚመረምር ሰው ከጣሪያው ሥር ያየውን አደጋ ሁሉ ሊጽፍ ይገባዋል።

ሪፖርቱን ለወይዘሮዋና ለልጆቻቸው አሳየኋቸው፤ ሳንቀያየም ተነጋግረን ከዋጋው ላይ 150,000 ብር ቀነሱልኝ። እዚህ ላይ ገዢዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ቢደነግግም፣ ገዢው ሲዋዋል ያውቀው የነበረን ጉድለት አያካትትም። ስለዚህ ባለሙያ የነገረንን ጉድለት ይዘን ዝም ብለን ብንፈርም መከራከሪያችንን እናጣለን፤ ወይ ከዋጋው ላይ እናስቀንሰው፣ ወይ ሻጩ እንደሚያስጠግነው በውሉ ላይ እናስጽፈው። የኮንዶሚኒየም የመጨረሻ ፎቅ የሚገዙ ሰዎች ሁኔታ የተለየ ነው፤ ጣሪያው የሕንፃው የጋራ ንብረት ስለሆነ ጥገናው የሚመለከተው የቤት ባለቤቶቹን ማኅበር ነው፣ በመሆኑም ከምርመራው ጋር ማኅበሩ ለጥገና ያስቀመጠው ገንዘብ መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሚያዝያ የተበላውን ወራጅ አስቀይሬ፣ ሚስማሮቹን ከነጎሚኒያቸው አሳድሼ፣ ፓራፔቱ ከክዳኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ፍላሽንግ (ውሃ እንዳይገባ መገናኛውን የሚሸፍን የታጠፈ ቆርቆሮ) አስመታሁ። ሐምሌ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከጣለ በኋላ ባትሪ ይዤ ኮርኒስ ውስጥ ስገባ፣ ከፓራፔቱ ግራ ማዕዘን በስተቀር ሁሉም ደረቅ ነበር። በየካቲት ጎማው ያልደረሰበት ማዕዘን እርሱ ብቻ ነው። ደወልኩላቸው፤ በሦስተኛው ቀን መጥተው ያለ ተጨማሪ ክፍያ አይተውት ፍላሽንጉ በአንድ ክንድ ያህል መቀጠል እንዳለበት ነገሩኝ፣ ተቀጠለም።

ይህን ዓይነት አገልግሎት የሚፈልግ ሰው የሻጩን ፈቃድ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ኮርኒስ ውስጥ ሳይገባና ውሃ ሳያፈስ ከመሬት ሆኖ አይቶ ለሚሄድ ባለሙያ ገንዘቡን አይክፈል። ፀሐይ ያለበትን ጠዋት ይምረጥ፣ የብርሃኑ ነጥብ የሚታየው ውጭው ሲበራ ነውና። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ቀጠሮው ውሃ በሚኖርበት ቀን ይሁን፤ ወይም የቤቱ ሮቶ ከዋዜማው ይሞላ። እኛ በዚያ ቀን ማዕዘኑን ሳንሞክር የቀረነው ውሃው ስላለቀብን ነው።