ላሊበላን ለገና፣ ጉልበቷን ከሚያማት እናቴ ጋር

ትልቅ ሰው ይዞ ለገና ላሊበላ መሄድ ይከብዳል ወይ ብዬ ያልጠየቅኩት ሰው የለም፣ መልሱ ግን ሁሌ የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶ ነው። መውረጃው እንዴት ነው፣ ጫማ የት ይቀመጣል፣ አረፍ የሚባልበት ቦታ አለ ወይ የሚለውን የሚነግረኝ አጣሁ። እማዬ ሁለቱንም ጉልበቷን ያማታል፣ በከዘራ ነው የምትሄደው፣ ደግሞ እድሜዋን ሙሉ ላሊበላን ሳልሳለም አልሙት ስትል ነው የኖረችው። ዘንድሮ ወሰድኳት። ይቻላል! ግን ቢያንስ 3 ቀንና ሰው የሚረዳ አስጎብኚ ያስፈልጋል፣ ለበዓሉ ዋዜማ ደርሶ በማግስቱ መመለስ ለእንደሷ አይነቱ አይሆንም።

ከአስጎብኚው ልጀምር ምክንያቱም የጉዞው ግማሽ እሱ ነው። የላስታ ልጅ ነው፣ ዲያቆን ነው፣ ገና ስንገናኝ እኔን ትቶ እማዬን "እናቴ፣ መውጣት ነው ወይስ መውረድ የሚብስብዎ?" አላት። መውረድ አለችው። እኔ ልጇ ሆኜ ይሄን ጠይቄያት አላውቅም። ከዛ ፕሮግራሙን በሙሉ በሱ ለወጠው። ነገሩ የገባኝ ቦታው ላይ ስንደርስ ነው፣ ቤተክርስቲያኖቹ ከአንድ ወጥ አለት ከላይ ወደታች የተፈለፈሉ ስለሆኑ ጣራቸው ከመሬቱ እኩል ነው፣ ስለዚህ የትኛውም ጋ ለመድረስ መጀመሪያ መውረድ አለ። 11ዱ ደግሞ አንድ ላይ አይደሉም፣ ዮርዳኖስ የሚባለው ከአለት የተጠረበ ቦይ ሁለት ቦታ ይከፍላቸዋል፣ በአንዱ በኩል 6፣ በሌላው 4፣ ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው ራቅ ብሎ ነው። ሌሎቹ ሁሉንም በአንድ ቀን ሲያሯሩጡ አይተናል፣ የኛው በቀን ከ3 በላይ አላስነካንም።

የመጀመሪያው ቀን ቤተ መድኃኔዓለም ሄድን፣ ከሁሉም ትልቁ እሱ ነው፣ ዙሪያውን በአምድ የተከበበ፣ እማዬ አምዱን እየተደገፈች አንድ ዙር ዞረችው። አፍሮ አይገባ የሚባለው 7 ኪሎ የሚመዝን የወርቅ መስቀል የዚህ ቤተክርስቲያን ነው፣ በፈረንጅ 1997 ተሰርቆ ከቤልጅየም በ2001 የተመለሰው። ዲያቆኑ ይሄን ሲያወራ እማዬ ያኔ ጠፋ ሲባል ቤታችን ውስጥ እንዴት እንደተለቀሰ ትነግረው ጀመር፣ እሱም ስልኩን ኪሱ ከቶ እስክትጨርስ አዳመጣት፣ ለኔ ጥሩ አስጎብኚ ማለት ይሄ ነው። ቄሱ በመስቀል ጉልበቷን ዳሰሱላት።

ጫማ በየበሩ ይወለቃል። ክር ያለው ጫማ አታድርጉላቸው፣ በቀን ስንት ጊዜ ጎንበስ ብዬ እንደፈታሁ እግዜር ይወቀው፣ ሁለተኛ ቀን ክፍት ጫማ ገዛሁላት። ወፍራም ካልሲ ያስፈልጋል ወለሉ ወጣ ገባ ነው፣ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አለ። ከነቤተ አማኑኤል ወገን ያለውን ጨለማ ዋሻ (የሲኦል ምሳሌ ነው የሚሉት) እሷን ውጪ አስቀምጠን እኔ ብቻ ገባሁ፣ አይንን ቢያወጡት አይታይም፣ አንድ እጅ ግድግዳ አንድ እጅ ጣራ ይዞ ነው የሚኬደው፣ ትልቅ ሰው በጭራሽ እንዳታስገቡ። ቤተ ጎልጎታ ሴት አይገባም፣ ይሄን ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ እኔ አልነገርኳትም ነበር እና በሩ ላይ ስትሰማ ፊቷ ልውጥ አለ፣ ከጎኑ ቤተ ሚካኤል ተቀምጣ ጸለየች።

እነዛ ከቤተክርስቲያኖቹ በላይ የአውሮፓ ህብረት ያሰራቸው ትልልቅ መጠለያ ጣራዎች ብዙ ሰው ያማርርባቸዋል፣ እኔም እውነቱን ለመናገር ቦታው ላይ ሳያቸው አይኔን አሞኛል፣ በፈረንጅ 1978 ዩኔስኮ መዝገብ ውስጥ የገባ ቅርስ ብረት ከላዩ ተደርጎበት መቆሙ ያሳዝናል። ዝናቡ ድንጋዩን እየበላው ስለሆነ ነው የተሰሩት፣ ዘላቂ መፍትሄ ግን ከዚህ የተሻለ ይገባዋል።

አሁን ዋናው። ገና እዛ የተለየ የሆነው ታህሳስ 29 የጌታ ልደት ብቻ ሳይሆን የንጉስ ላሊበላም ልደት ስለሆነ ነው፣ ሁለት በዓል በአንድ ቀን። ዋዜማውን ከተማው በሙሉ ነጭ ነው፣ ከሩቅ በእግራቸው የመጡ፣ ስንቃቸው በሶና ቆሎ የሆነ፣ ሜዳው ላይ የተኙ ሰዎች። የከተማው ሰው ደግሞ ውሃ በመታጠቢያ ይዞ የእንግዳ እግር ያጥባል። አንዲት ልጅ እማዬ እግር ስር ቁጭ አለች። እማዬ አፍራ "እኔ እኮ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት ልጄ፣ ለደከሙት እጠቢላቸው" አለቻት። ልጅቷ ቀና ሳትል "እንግዳ እንግዳ ነው እናቴ" ብላ ካልሲዋን አወለቀችላት። እዛ ጋ እኔም አልቻልኩም።

ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ አለ። ካህናቱ ግማሾቹ ማሜ ጋራ በሚባለው በዙሪያው ባለው የአለት አጥር አናት ላይ ይሰለፋሉ፣ ግማሾቹ ታች ግቢው ውስጥ፣ የላዮቹ የመላእክት የታቾቹ የእረኞቹ ምሳሌ ናቸው፣ "ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ" (የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ) እያሉ ይቀባበላሉ፣ ከበሮው ከላይ ሲመታ ድምጹ አለቱ ውስጥ ገብቶ ከታች በእግራችሁ ነው የሚሰማችሁ። ቦታ ለማግኘት ዲያቆኑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው የቀሰቀሰን፣ እማዬን ታች ግድግዳ ተደግፋ የምትቀመጥበት ጥግ ፈልጎ ጋቢ ደርቦላት አጠገቧ ቆመ፣ ሰው ሲገፋ በጀርባው እየያዘ። አናቱ ላይ ለፎቶ የሚጋፋው ብዙ ነው፣ ጫፉ ላይ አጥር የለውም፣ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ላይ አትውጡ፣ ታች ነው ጥሩው።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ያረፍንበት ቤት (ስሙ ይቅር) ከወር በፊት ቡክ አድርጌ ቀብድ ከፍዬ ስንደርስ በዓል ነው ብለው ዋጋውን እጥፍ አደረጉት፣ ከከዘራ ጋር የቆመች ሴት ፊት ለፊት እያዩ። ዋጋውን በጽሁፍ ተቀበሉ፣ ምድር ቤት ክፍል መሆኑንም አረጋግጡ። ሌላው ሽንት ቤት ነው፣ ለዛ ሁሉ ህዝብ ጨርሶ አይበቃም፣ ትልቅ ሰው ወረፋ ቆሞ ሲሰቃይ ማየት ያማል፣ የሚመለከተው አካል እባካችሁ ይሄን አስቡበት።

ቤተ ጊዮርጊስን ለመጨረሻው ቀን ከሰዓት አቆየልን፣ ህዝቡ ሲበተን። እማዬ ከላይ አለቱ ላይ ተቀምጣ የመስቀል ቅርጽ ያለውን ጣራውን ቁልቁል እያየች "በቃኝ፣ ከዚህ ሆኜ ተሳለምኩት" አለች፣ ወደ 12 ሜትር ጥልቀት ነው እና አልፈረድኩባትም። ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጣ ድንገት ከዘራዋን አነሳች። ዲያቆኑ በጠባቡ መውረጃ ከፊቷ ሆኖ ወደኋላ እየተራመደ፣ ሁለት እጇን ይዞ፣ እኔ ከኋላ፣ በየአምስት እርምጃው እያረፍን ወረድን። ታች ደርሳ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ነው የሚባለውን ምልክት በእጇ ነካችው።

ለአስጎብኚው 5 ከ5፣ ለማረፊያው 1። ተራራው ላይ ያለችውን አሸተን ማርያምን አላየንም። እኔ በበቅሎ እናውጣት ብዬ ነበር፣ ለሱም ተጨማሪ የአንድ ቀን ክፍያ ነበር፣ እሱ ግን ዳገቱ ለእናታችን አይሆንም፣ በቅሎዋም ሁሉን ቦታ አታደርስም ብሎ እምቢ አለ።