የግሎባል ጋፕ ሰርተፍኬት ከእርሻ እስከ ማሸጊያ ቤት፦ ለሚከፈልበት ዋጋ ምን ይሰጣል?

ፎሶሊያ፣ እንጆሪ፣ የቅመም ቅጠል ወይም አቮካዶ ወደ አውሮፓ ለመላክ የሚያስብ አምራች ከገዥው ጋር ስለ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት፣ እርሻው መልካም የግብርና አሠራርን እንደሚከተል የሚያረጋግጠውን የግሎባል ጋፕ ቁጥሩን ይጠየቃል። ይህ ባለ 13 አኃዝ ቁጥር የሌለው እርሻ፣ ምርቱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ወደ ታላላቆቹ የአውሮፓ ሱፐርማርኬቶች የሚገባበት በር እጅግ ጠባብ ነው። የምገመግመው ይህንኑ ሰርተፍኬት ሲሆን፣ የምጽፈውም በማሸጊያ ቤት የጥራት ቁጥጥር ሥራ ላይ ሆኜ ኦዲቱን ከሚደረግለት ወገን ካየሁት ተነሥቼ ነው።

ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ዩሬፕ ጋፕ በሚል ስም በአውሮፓ ቸርቻሪዎች ተጀመረ፤ በ2007 የአሁኑን ስያሜ ያዘ፤ ጽሕፈት ቤቱም በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ይገኛል። ደረጃውን የሚያወጣው አካል ራሱ ኦዲት አያደርግም። ይህን ሥራ የሚሠሩት አይሶ 17065 በተባለው መስፈርት መሠረት ዕውቅና ያገኙ የሰርተፍኬት ድርጅቶች ናቸው፤ አምራቹም ከእነርሱ መካከል መርጦ ይዋዋላል፣ ክፍያውንም ራሱ ይፈጽማል። ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስገዳጅ የሆነው ስድስተኛው እትም ስማርት እና ጂኤፍኤስ (ጂኤፍኤስ ዓለም አቀፉ የምግብ ደኅንነት ተነሣሽነት ዕውቅና የሰጠው ሰርተፍኬት ለሚጠይቁ ገዥዎች የተዘጋጀ ነው) በሚባሉ ሁለት ዓይነቶች የቀረበ ስለሆነ፣ ገዥው የትኛውን እንደሚፈልግ ሳያጣሩ መመዝገብ ገንዘብን ማባከን ነው። መጠይቁ ከመቶ በላይ ነጥቦች አሉት፤ ዋና ግዴታ የተባሉት መቶ በመቶ፣ ንዑስ ግዴታ የተባሉት ደግሞ 95 በመቶ መሟላት አለባቸው። ሰርተፍኬቱ በየዓመቱ ይታደሳል።

በእኔ አመለካከት ከዚህ ሁሉ ትልቁን ዋጋ የሚያወጣው ምርቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ እንድንከታተል የሚያስገድደው ክፍል ነው። ኦዲተሩ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ይገባና ከተደረደሩት ካርቶኖች አንዱን ያወጣል፤ መለያውን ያነብና «ይህ ፎሶሊያ ከየትኛው ማሳ፣ በየትኛው ቀን፣ በእነማን ተለቀመ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የመልቀሚያው ቅጽ፣ የማሸጊያው መስመር መዝገብ፣ የማሳው የርጭት ታሪክ፣ ያንን ማሳ ያጠጣው ውኃ የምርመራ ውጤት እና ዘሩ የተገዛበት ደረሰኝ በተከታታይ ጠረጴዛው ላይ መቅረብ አለባቸው። በዚህ አያበቃም፤ ከማሳው የገባው ኪሎ፣ ተመርጦ የወደቀው እና ተጭኖ የወጣው ተደምሮ መመሳሰሉም ይታያል። የመጀመሪያውን ዓመት ኦዲት የሚጠብቅ ማሸጊያ ቤት ሌሊቱን ቅጽ ሲያገላብጥ ያድራል። ሥርዓቱ በሚገባ ከተያዘ ግን ይኸው ፍለጋ ሻይ ጠጥቶ ለመጨረስ ከሚወስደው ጊዜ ብዙም አይበልጥም።

ይህ ጥንቃቄ የወረቀት ሥራ ብቻ ለሚመስላቸው አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2011 በጀርመን የደረሰውን ማንሣት እወዳለሁ። ኢ. ኮላይ ኦ104 በተባለው ባክቴሪያ ምክንያት ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ሲታመሙና ከ50 በላይ ሲሞቱ፣ በመጀመሪያ በይፋ የተጠረጠረው ከስፔን የገባ ኪያር ነበር። ጥርጣሬው ስሕተት መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ምንም ያላጠፉ የስፔን ገበሬዎች ምርታቸውን ጣሉ፤ ገበያቸውም ተዘጋ። ምርመራው ማቅረቢያ ሰነዶችን እየተከተለ በመጨረሻ የደረሰው በታችኛው ሳክሶኒ በሚገኝ አንድ የቡቃያ እርሻ፣ ከዚያም አልፎ ከግብፅ በገባ የአብሽ ዘር ላይ ነው። አብሽ በእኛ ቤት የምናውቀው እህል ነው፤ በጥሬ ቡቃያነቱ ሲበላ ያን ያህል ጉዳት ሊያደርስ መቻሉ ብዙዎቻችን የማናስበው ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ አንድ ቀን በኢትዮጵያ ፎሶሊያ ላይ ቢወድቅ ላኪው በዚያው ዕለት «የእኔ ምርት ከዚህ ማሳ ነው፤ መረጃውም ይኸው» ማለት የሚችለው መዝገቡ ካለው ብቻ ነው።

የፀረ ተባይ አያያዙም እንዲሁ ጠንካራ ነው። የርጭት መዝገቡ ቀኑን፣ ማሳውን፣ የመድኃኒቱን የንግድ ስምና ንጥረ ነገር፣ መጠኑን፣ የረጨውን ሰው እና ከርጭት እስከ ለቀማ መጠበቅ ያለበትን ቀን እንዲይዝ ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት የተለየ ጣሪያ ላላወጣላቸው ንጥረ ነገሮች የሚፈቅደው ቅሪት በአንድ ኪሎ ግራም 0.01 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በአገራችን ገበያ ለረጅም ጊዜ የታወቀው ክሎርፓይሪፎስ የተባለው ፀረ ተባይም እ.ኤ.አ. በ2020 በኅብረቱ ፈቃዱ ሳይታደስ ቀርቶ ጣሪያው ወደዚሁ መጠን ወርዷል። በዚህ ሁኔታ የእርሻው ተቆጣጣሪ የጭነት መኪናው እየጠበቀ፣ ላኪው በስልክ እየወተወተ እንኳ «ይህ ማሳ እስከ ሐሙስ አይለቀምም» ብሎ መዝገቡን በማሳየት መከራከር ይችላል። ሰርተፍኬቱ ለዚያ ተቆጣጣሪ የሚሰጠውን አቅም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለውን ውሳኔ የሚያሳልፈው ምርቱን ለመሸጥ የቸኮለው ሰው ነበር።

በንጽሕና በኩል ደረጃው የሚጠይቃቸው ነገሮች ለመረዳት ቀላል፣ በየቀኑ ለመፈጸም ግን አድካሚ ናቸው። ለቃሚዎች ከሚሠሩበት ቦታ በ500 ሜትር ወይም በሰባት ደቂቃ መንገድ ክልል ውስጥ መጸዳጃና የእጅ መታጠቢያ ሊያገኙ ይገባል፤ ጥሬ ፍግ ከለቀማ በፊት ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ማሳ ላይ አይጨመርም፤ በማሸጊያ ቤት ያሉ አምፖሎች ቢሰበሩ ስብርባሪው ምርቱ ላይ እንዳይወድቅ መሸፈን አለባቸው። ከሁሉ በላይ መሠረታዊው ውኃ ነው። የማጠቢያው ውኃ ጀርም የሚገድል ክሎሪን በበቂ መጠን ካልያዘ፣ ከአንድ ሣጥን የገባ ብክለት በዚያው ገንዳ ለሚያልፈው ምርት ሁሉ ይዳረሳል፤ ሳይታጠብ የቀረው ምርት ይሻል ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የክሎሪን መለኪያውን ውጤት በፈረቃው መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን ገንዳው እየቆሸሸ ሲሄድም ደጋግሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። ጠዋት የተለካ ቁጥር ለከሰዓቱ ምርት ዋስትና አይሆንም።

ወደ ጉድለቱ ስመጣ፣ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ኦዲት መሆኑ ነው። ያለ ማስታወቂያ የሚደረግ ጉብኝት በደንቡ ቢኖርም በየዓመቱ ሁሉንም አምራች አይደርስም። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የሰርተፍኬት ድርጅት የላከው ኦዲተር ከጠዋት ጀምሮ ቢሮ ውስጥ ፋይል ሲያገላብጥ ውሎ፣ ማሳውን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከመኪና ሳይርቅ ቃኝቶ ሲሄድ ተመልክቻለሁ። ሪፖርቱ ጥሩ ነጥብ ሰጠን፤ እኔ ግን በዚያ ነጥብ ልደሰት አልቻልኩም፤ የመስኖ ውኃው የሚሳብበትን ቦታ ማንም አላየውምና። ክፍያውን የሚፈጽመው ተመርማሪው ራሱ በሆነበት አሠራር፣ ጥብቅ የሆነ ኦዲተር ደንበኛ ሊያጣ መቻሉም ግልጽ ነው።

ይህ ስጋት በሌላ የኦዲት ሥርዓት የደረሰ እንጂ በአሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት የሚገኝ አንድ የሐብሐብ ዘመድ የሆነውን ካንታሎፕ የሚያመርት እርሻ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 በተደረገለት የማሸጊያ ቤት ኦዲት ከመቶ 96 አግኝቶ «እጅግ የላቀ» ተብሎ ነበር። ወዲያው ሊስቴሪያ በተባለው ባክቴሪያ በተቀሰቀሰው ወረርሽኝ በ28 ግዛቶች 147 ሰዎች ታመሙ፤ 33ቱ ሞቱ። የመንግሥት መርማሪዎች በኋላ ሲገቡ ያገኙት ወለል ላይ የተጠራቀመ ውኃ፣ ለማጽዳት የማይመች ከድንች ማጠቢያነት የተዛወረ መሣሪያ እና ፍሬው ከማሳ ይዞት የመጣውን ሙቀት ሳያስወግዱ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል የማስገባት አሠራር ነበር። ለማጠቢያው ውኃ ጀርም ገዳይ አለመጨመሩ በኦዲቱ ሪፖርት ላይ ተጽፎ እያለ ነጥቡን አላወረደውም። በየማሸጊያ ቤቱ ግድግዳ ላይ በመስተዋት ተሸፍኖ የተሰቀለ ሰርተፍኬት ባየሁ ቁጥር ይህ ጉዳይ ይታወሰኛል።

ዋጋው ሌላው ፈተና ነው። የምዝገባውና የኦዲቱ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ይታሰባል፤ ኦዲተሩ ከጎረቤት አገር ከመጣ የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪውም በአምራቹ ላይ ይወድቃል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ለላኪው የገቢው ብር ስላደገ ሸክሙ ሊካካስለት ይችላል፤ ገና ለመጀመር ገንዘብ የሚያጠራቅመው ገበሬ ግን ወጪው ሲንር ያያል። ግማሽ ሄክታር ላለው አርሶ አደር ብቻውን ሰርተፍኬት ማግኘት የማይታሰብ በመሆኑ፣ የቡድን ምዝገባ የተባለው አማራጭ የተሻለው መንገድ ነው። በዚህ አሠራር ማኅበሩ ሁሉንም አባላት በየዓመቱ በራሱ የውስጥ ተቆጣጣሪ ይመረምራል፤ የውጭው ኦዲተር ደግሞ የአባላቱን ቁጥር ስኩዌር ሩት ያህል መርጦ ያያል፤ ለምሳሌ ከ100 አባላት 10ሩን። ወጪው ይከፋፈላል፤ ኃላፊነቱም እንዲሁ። የአንድ አባል ጥፋት መላውን ማኅበር ሊያስቀጣ ይችላልና፣ የውስጥ ተቆጣጣሪው ደመወዝ የሚከፈለው፣ ጎረቤቱንም ቢሆን «አልፈቀድኩም» ለማለት የማይፈራ ሰው ካልሆነ ይህን መንገድ አልመክርም።

በኬንያ የታየውም ይህንኑ ያስጠነቅቃል። በዩሬፕ ጋፕ ዘመን በለጋሾች ድጋፍ ሰርተፍኬት ያገኙ ብዙ ትናንሽ አምራቾች ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ለዕድሳት የሚከፍሉት አጥተው ከኤክስፖርቱ ሰንሰለት ወጥተዋል። በቆጋ መስኖም ሆነ በሲዳማ የሃስ አቮካዶ ለሚያለሙ ማኅበራት የምለው፣ የዕድሳቱን ወጪ ከመጀመሪያው ዓመት ሽያጭ ላይ ቀንሰው ያስቀምጡ፤ ገዥውም ወጪውን እንዲጋራ በውሉ ላይ ይጻፉ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በዚህ ደረጃ የሚጠበቀው የውጭው ተመጋቢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በስሎ የሚበላውን ፎሶሊያ እንዲህ እየጠበቅን፣ በአዲስ አበባ በጥሬው የሚበላው ሰላጣ በከፊል የሚለማው የከተማዋን ፍሳሽ ተሸክሞ በሚወርደው የአቃቂ ወንዝና ገባሮቹ ውኃ ነው። ለውስጥ ገበያ የሚያመርተው ገበሬ በአውሮፓ ዋጋ ሰርተፍኬት እንዲገዛ መጠየቅ አይቻልም። ነገር ግን የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራች ላኪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007 ለአበባ እርሻዎች ያወጣው የአሠራር ደንብ ነሐስ፣ ብርና ወርቅ በሚሉ ደረጃዎች በመከፋፈሉ እርሻዎች ከታች ጀምረው እንዲወጡ አስችሏል፤ ለሰላጣ፣ ለቆስጣና ለቲማቲምም ተመሳሳይ መሰላል የማይዘጋጅበት ምክንያት አይታየኝም።

ከአምስት አራት ነጥብ እሰጠዋለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት በኦዲቱ አፈጻጸም ምክንያት ነው። ወደ አውሮፓ የሚልክ እርሻ ይግዛው፤ ኦዲተር ሲመርጥም በርካሽነቱ ሳይሆን ማሳ ላይ በሚያሳልፈው ሰዓት ይምረጠው፤ የኦዲቱንም መርሐ ግብር አስቀድሞ ይጠይቅ። ለአገር ውስጥ የሚሸጥ አምራች የርጭት መዝገቡንና የውኃ ምርመራውን ብቻ ወስዶ ነገ ሊጀምር ይችላል። የአዲስ አበባ ሆቴሎችና ሱፐርማርኬቶችም የውጭ ኦዲተር ሳያስፈልጋቸው፣ ከእያንዳንዱ የሰላጣ ጭነት ጋር የመስኖውን ውኃ ምንጭና የመጨረሻውን ርጭት ቀን የያዘ አንድ ገጽ እንዲቀርብላቸው አቅራቢዎቻቸውን ማስገደድ ይችላሉ።