ኢንስፓየር፦ የቅንጣት ፊዚክስ ተመራማሪን ለመመዘን ምን ያህል ይታመናል?

የቅጥር ኮሚቴ፣ የዕድገት ገምጋሚም ሆነ አማካሪ የሚመርጥ የዶክትሬት ተማሪ የአንድን የቅንጣት ፊዚክስ ተመራማሪ ሥራ ማየት ከፈለገ ከጎግል ስኮላር በፊት ኢንስፓየርን ይክፈት። ጎግል ስኮላር የሁሉንም ሙያ ጽሑፍ በማሽን ያግበሰብሳል፤ የትምህርት ክፍል ስላይድና የአንዱ ጽሑፍ ሦስት ቅጂ ሳይቀር ይገባበታል። ኢንስፓየር ግን የዚሁ ሙያ ብቻ የሆነ የምርምር ጽሑፎች የመረጃ ቋት ነው። የአውሮፓው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ሰርን፣ የጀርመኑ ዴዚ፣ የአሜሪካዎቹ ፌርሚላብና ስላክ፣ የቤጂንጉ የከፍተኛ ኃይል ፊዚክስ ተቋምና የፈረንሳይ የኒውክሌርና የቅንጣት ፊዚክስ ተቋም በጋራ ይመሩታል። ክፍያ የለውም፤ ለመፈለግም መመዝገብ አያሻም።

ሥሩ ከ1970ዎቹ ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስላክ ውስጥ የተጠናቀረው ስፓየርስ የተባለ የመረጃ ቋት ነው። በ1991 መጨረሻ ከአውሮፓ ውጭ የመጀመሪያው የዌብ ሰርቨር የተተከለው ይህንኑ ቋት በቀላሉ ለመፈተሽ ነበር። ኢንስፓየር ቦታውን የተረከበው በ2012 ነው።

ትልቁ ብርታቱ አንድ ጽሑፍን አንድ ጊዜ ብቻ መቁጠሩ ነው። አርካይቭ በተባለው ነጻ የረቂቅ ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ የወጣው ረቂቅና በኋላ ጆርናል ላይ የታተመው ቅጂ አንድ መዝገብ ውስጥ ይገባሉ፤ ረቂቁን የጠቀሰም ሆነ የታተመውን የጠቀሰ እዚያው ይደመራል። በዚህ ሙያ ሰው የሚያነበው በአብዛኛው ከአርካይቭ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው ሰው ስም ጽፎ መጀመሪያ ያየውን ቁጥር ይዞ ሲሮጥ ነው። ኢንስፓየር የሚያወጣው የጥቅስ ማጠቃለያ ሠንጠረዥ አንዱ ዓምድ ሊጠቀሱ የሚችሉትን ሁሉ፣ ሌላው የታተሙትን ብቻ ይይዛል፤ ከሥሩ የጽሑፎች ብዛት፣ የተጠቀሱበት ድምር፣ ኤች-ኢንዴክስና አማካይ አሉ። ኤች-ኢንዴክስ ሆርሄ ሂርሽ የተባለ ፊዚሲስት በ2005 ያቀረበው መለኪያ ነው፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያለው ሰው ኤች-ኢንዴክሱ 20 ይሆናል። ለንድፈ ሐሳብ ሰው ይህ ጥሩ መነሻ ነው። በትላልቅ ሙከራዎች ለሚሠራ ሰው ግን ሳይጣራ ከተወሰደ ፈጽሞ ያሳስታል።

በሰርን ግዙፍ የቅንጣት መመርመሪያ መሣሪያዎች የሚሠሩት የአትላስና የሲኤምኤስ ቡድኖች እያንዳንዳቸው ከ2,000 በላይ ፈራሚዎች አሏቸው፤ እያንዳንዳቸው ከ1,000 በላይ ጽሑፎች አውጥተዋል። አዲስ አባል የመግቢያ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በቡድኑ ስም የሚወጣውን ሁሉ ይፈርማል፤ ስሞቹም በሰው ወይም በተቋም ስም የፊደል ተራ ስለሚደረደሩ «መጀመሪያ ስሙ የተጻፈው» ማለት እዚህ ትርጉም የለውም። ሁለቱ ቡድኖች በ2015 የሂግስ ቅንጣትን ክብደት በጋራ ያሳወቁበት ጽሑፍ 5,154 ደራሲዎች አሉት፤ ከ33 ገጾቹ 24ቱ የስም ዝርዝር ናቸው። ስለዚህ የሠላሳ ዓመት ወጣት ኤች-ኢንዴክሱ ከ100 በላይ ቢሆን አይግረማችሁ። ቁጥሩ የመሣሪያውን ዕድሜ እንጂ የሰውየውን ሥራ አይናገርም።

ማጣራቱ ከባድ አይደለም። የፍለጋው ውጤት ሲወጣ ከላይ «ሳይቴሽን ሰመሪ» (የጥቅስ ማጠቃለያ) የሚለውን አብሩ። ከዚያ በግራ በኩል ካሉት ማጣሪያዎች የደራሲ ብዛት ከሚለው ሥር «10 ወይም ከዚያ በታች»ን ምረጡ፤ ሠንጠረዡ በተጣራው ልክ ራሱን ያስተካክላል። ቀጥሎ የቅንጣቶችን መለኪያ በየጊዜው የሚያጠናቅረውን «ሪቪው ኦፍ ፓርቲክል ፊዚክስ»ን የሚያስወጣውን ምልክት ጫኑ። ይህ ማጣቀሻ ሁሉም ሰው የሚጠቅሰው ነው፤ ከደራሲዎቹ አንዱ የሆነ ሰው ድምሩ በሺዎች ያብጣል። በመጨረሻ ራስን መጥቀስን አስወጡ። እዚህ ላይ ኢንስፓየር ጥብቅ ነው፦ ጠቃሹና ተጠቃሹ አንድ የጋራ ደራሲ ወይም አንድ የጋራ ኮላቦሬሽን (የምርምር ቡድን) ካላቸው ራስን እንደመጥቀስ ይቆጥረዋል። ስለዚህ በትልልቅ ቡድኖች ላይ ቅነሳው ቢበዛ የሰውየው ጥፋት አይደለም።

ማጣሪያው በተቃራኒውም ይጎዳል። የሙከራ ተመራማሪውን በአሥር ደራሲ ስታጠሩት የዶክትሬት ጽሑፉና ጥቂት የጉባኤ ጽሑፎች ብቻ ሊቀሩ ይችላሉ። ምናልባት የመሣሪያውን ትሪገር (የትኛው ግጭት እንደሚመዘገብ የሚመርጠውን ክፍል) የሠራው እሱ ይሆናል፤ ያ ሥራ የሚመዘገበው ግን ለውጭ ሰው በማይከፈቱ የቡድኑ ውስጣዊ ሰነዶች ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ኢንስፓየር ዝርዝር እንጂ ሚዛን አይሆንም። በቡድኑ ስም የትኞቹን ጉባኤዎች አቀረበ? የየትኛውን ንዑስ ቡድን ሥራ መራ? ይህን የሚመልሰው የድጋፍ ደብዳቤ ነው።

ለንድፈ ሐሳብ ሰዎች ደግሞ ከድምሩ ይልቅ በየዓመቱ የተጠቀሱበትን የሚያሳየውን ግራፍ ተመልከቱ። ኤሌክትሮማግኔታዊና ደካማ ኃይሎችን በአንድ ንድፈ ሐሳብ ያዋሃደችው የስቲቨን ዋይንበርግ የ1967 ጽሑፍ ሦስት ገጽ ናት፤ እስከ 1971 ድረስ የጠቀሳት ሰው እምብዛም አልነበረም። ፊዚሲስቱ ጄራርድ ቶፍት እንዲህ ያሉ ንድፈ ሐሳቦች ሒሳባቸው እንደሚያስኬድ ካሳየ በኋላ ነው የተነሳችው፤ ዛሬ ከ10,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሳለች። በ1969 የተሰበሰበ የዕድገት ኮሚቴ በቁጥር ቢመዝናት ኖሮ ይጥላት ነበር። ኤች-ኢንዴክስ ደግሞ ዛሬም ቢሆን 10,000 ጊዜ የተጠቀሰችውን ከ100 ጊዜዋ አይለይም፤ ሁለቱም አንድ አንድ ብለው ይቆጠራሉ። የሂግስ ቅንጣት የተሰየመበት ፒተር ሂግስ ጥቂት ጽሑፍ ብቻ ይዞ ኖቤል መሸለሙ ለዚህ ጥሩ ማስታወሻ ነው።

ሌላው ጉድለት ኢንስፓየር የሚቆጥረው በራሱ ቋት ውስጥ ካሉ ጽሑፎች የመጣውን ጥቅስ ብቻ መሆኑ ነው። ጂያንት-4 የተባለውን የቅንጣት ማስመሰያ ሶፍትዌር ያስተዋወቀው የ2003 ጽሑፍ በጨረር ሕክምናና በጠፈር ምርምር በብዛት ይጠቀሳል፤ የሕክምና ጆርናሎች ግን በአብዛኛው እዚህ አይገቡም። ሥራው ከሙያው ድንበር የሚወጣ ተመራማሪ የሁሉንም ሙያ ጥቅስ በሚቆጥረው ስኮፐስ በተባለው ቋትም መታየት አለበት።

የኢትዮጵያውያን ስም እዚህ ለብቻው ይነሳ። ቋቶች የቤተሰብ ስም ስለሚጠይቁ የአባት ስም ያን ቦታ ይይዛል። አንዱ ጽሑፍ በአባት፣ ሌላው በአያት ስም ከወጣ፣ ወይም «ጸጋዬ» በላቲን ፊደል ሁለት ዓይነት ከተጻፈ፣ ሰውየው ሁለት ሰው ይሆናል፤ ኤች-ኢንዴክሱም ይከፈላል። መፍትሔው ከመጀመሪያው ጽሑፍ በፊት አንድ አጻጻፍ መርጦ መጽናት፣ ኦርኪድ የተባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር ማውጣት፣ በዚያው ኢንስፓየር ገብቶ የራስን ጽሑፎች «የኔ ናቸው» ማለት፣ የሌላ ሰው የተቀላቀለ ካለ ደግሞ ማስወጣት ነው። የዋቢ ዝርዝር ላይ የገጽ ቁጥር በስህተት ተጽፎ ጥቅሱ ሳይያያዝ ከቀረ ደግሞ እዚያው ጽሑፍ ሥር ባለው የእርማት ማመልከቻ አሳውቁ፤ የሚያስተካክሉት ሰዎች ናቸውና ወዲያው ባይሆንም ይታረማል።

መረጃውን በፕሮግራም የምትሰበስቡ ከሆነ በ5 ሰከንድ ከ15 ጥያቄ አትለፉ፤ ካለፋችሁ ለጊዜው ያግዳችኋል። ቁጥሮቹ በየዕለቱ ስለሚለወጡ ሪፖርት ላይ ስታሰፍሩ ያያችሁበትን ቀንና የተጠቀማችሁባቸውን ማጣሪያዎች አብራችሁ ጻፉ።